የተምች ህዋስ በፕሌት ላይ፦ የኬሚካል መርዛማነት ሙከራ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ከፈሳሽ ናይትሮጅን ታንኩ አንድ ቱቦ ኤስኤፍ9 የሚባል የተምች ህዋስ ዛሬ ወጣ። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የቆየ ህዋስ በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ጥቂት በረዶ ሲቀረው ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ማመንታት የለም። ሲቀዘቅዝ ከበረዶ ጉዳት የጠበቀው ዲኤምኤስኦ የሚባል ፈሳሽ፣ ሲቀልጥ ራሱ ጠላት ይሆንበታል። ስለዚህ ቶሎ ወደ ብዙ ሚዲየም፣ ማለትም ህዋሱ ወደሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ፣ ይገለበጣል። ህዋሶቹ የፍላስኩ ወለል ላይ ሲቀመጡ የላዩ ፈሳሽ ይቀየራል። ለዛሬ ይኸው ነው፤ የቀረው መጠበቅ ነው።

እስከዚያው ሥራው ምን እንደሆነ ላስቀምጥ። ፀረ ተባይ፣ ብረታ ብረት፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ውሃና ወደ አፈር ይገባል። እዚያ ደግሞ ነፍሳት አሉ። አንድ ኬሚካል ለነፍሳት ምን ያህል መርዝ እንደሆነ ለማወቅ የተለመደው መንገድ እንስሳውን አጋልጦ የሞተውን መቁጠር ነው። ለንብ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ ቁጥር 213 እና 214 አሉ፤ አንዱ በአፍ ለሚገባ፣ ሌላው በአካል ንክኪ ለሚደርስ መርዝ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1998 የወጡ ናቸው። እኛ የምንሞክረው በእንስሳው ፋንታ ህዋሱን ማጋለጥ ነው።

ለዓሣ ይህ መንገድ ተጠርጓል። ከትራውት ዓሣ መተንፈሻ የተገኘው አርቲጊል ደብሊው1 የሚባል የህዋስ መስመር (ላብራቶሪ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚባዛ የአንድ ምንጭ ህዋስ) እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ደረጃ ወጣለት። በ2021 ደግሞ የኦኢሲዲ መመሪያ ቁጥር 249 ሆነ። ህዋሱን ለ24 ሰዓት ለኬሚካሉ ታጋልጠዋለህ፣ በሦስት ቀለም ትለካዋለህ፣ ውጤቱ ለዓሣው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ጥሩ ግምት ይሰጥሃል። ታዲያ ይሄ ለነፍሳት የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ? ምክንያት አለ፤ እዚህ ማስታወሻ ላይ ቀስ እያለ ይወጣል።

ሐሙስ

ህዋሶቹ ተነስተዋል። ጤነኛ ኤስኤፍ9 በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክብ ነው፣ ጠርዙ ያበራል፣ ውስጡ ጥርት ያለ ነው። የተጎሳቆለው ይጠቁራል፣ ውስጡ ፍርፋሪ የሞላበት ይመስላል። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የሚያበሩ ናቸው። እዚህም እዚያም ለሁለት ሊከፈሉ የተቃረቡ፣ ወገባቸው የጠበበ ይታያሉ።

የመጡበትን ልንገራችሁ። የአሜሪካ መጤ ተምች የምንለው፣ የበቆሎ ጠንቅ የሆነው አባጨጓሬ፣ ወደ እሳት እራትነት ሊለወጥ ተጠቅልሎ ሳለ ከእንቁላል ማምረቻው ከተወሰደ ሥጋ ነው የተገኙት። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቤልትስቪል በሚገኝ የግብርና ምርምር ጣቢያ ነው። የዚያን ጊዜው መስመር ኤስኤፍ21 ይባላል። ከእሱ በ1983 ተነጥሎ የወጣው ኤስኤፍ9 ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ላብራቶሪዎች ፕሮቲን ለማምረት ይጠቀሙበታል። ለማሳ ጠንቅ የሆነ ነገር ለላብራቶሪ ሠራተኛ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል።

አያያዙ ቀላል ነው። 27 ዲግሪ ይበቃዋል። የአጥቢ እንስሳት ህዋስ የሚፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይፈልግም፣ ተራ ኢንኩቤተር ይሆነዋል። ከፍላስክ ለማላቀቅም ትሪፕሲን የሚባለው የማላቀቂያ ኢንዛይም አያሻም። የፍላስኩን ጎን በመዳፍ መታ መታ ስታደርገው ይነሳል። ይህች የመጨረሻዋ ጠባይ ስታያት ደስ ትላለች። ልኬት ላይ ስትደርስ ግን ራስ ምታት ናት፤ እመለስበታለሁ።

ሰኞ፣ የፕሌት ቀን

ከመዝራት በፊት ቆጠራ። ከህዋሱ ትንሽ ወስደን ከትራይፓን ብሉ ጋር እኩል እንቀላቅላለን። በህይወት ያለው ህዋስ ቀለሙን አያስገባም፤ የሞተው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከ95 በመቶ በታች በህይወት ካለ ሙከራው አይጀመርም። ዛሬ ከዚያ በላይ ነው፣ ቀጠልን።

ፕሌቱ፣ ህዋስ የሚዘራበት የፕላስቲክ ሳህን፣ ባለ 96 ጉድጓድ ነው። የምንጠቀመው ግን 60ውን ብቻ ነው። ዙሪያውን ያሉት 36 ጉድጓዶች ንፁህ ውሃ ይሞላሉ። ምክንያቱም ዳር ያለው ጉድጓድ ቶሎ ይተንናል። ፈሳሹ ሲቀንስ ጨዉም መርዙም ይወፍራል። ያኔ ህዋሱ የሞተው በኬሚካሉ ይሁን በመድረቅ አታውቅም። አንዳንዱ ሰው 36 ጉድጓድ ሲባክን ያንገበግበዋል። እኔ አያንገበግበኝም፤ የማይታመን ቁጥር ከማገኝ ባዶ ቢቀር ይሻለኛል።

ከቀሩት አሥር ዓምዶች ሰባቱ የኬሚካሉን የተለያየ መጠን ይይዛሉ። አንዱ ምንም ያልተጨመረበት ህዋስ ነው። አንዱ የማሟሟያው ዲኤምኤስኦ ብቻ ያለበት ነው፤ እሱንም ከ0.5 በመቶ አናሳልፈውም። አንዱ ትራይቶን ኤክስ-100 የሚባል ሳሙና መሰል ኬሚካል የተጨመረበት፣ ሁሉም ህዋስ እንዲሞት የታሰበ ነው። ከስድስቱ ረድፎች ደግሞ ሁለቱ ላይ ህዋስ የለም። ኬሚካልና ቀለም ብቻ ነው ያለው። ባዶ ረድፍ ለምን ያስፈልጋል ለሚል፦ አንዳንድ ኬሚካል ያለ ህዋስ እርዳታ ራሱ ቀለሙን ይቀይረዋል። በተለይ የዕፅዋት ጭማቂ እንዲህ ያደርጋል። ባዶ ረድፍ ከሌለህ መርዙ ህዋሱን አፋፋው ብለህ ትጽፋለህ።

ረቡዕ

የቀለም ምርጫ ላይ ሙግት ነበር።

ኤምቲቲ የታወቀው ነው። ቢጫ ሆኖ ይገባል፤ ሥራ ላይ ያለ ህዋስ ወደ ሐምራዊ ክሪስታል ይቀይረዋል። ክሪስታሉን ለማሟሟት ግን መጀመሪያ የላዩ ፈሳሽ መነሳት አለበት። እዚህ ላይ ነው የኤስኤፍ9 ልል አያያዝ የሚመጣው። ፈሳሹን በፒፔት ስትመጥ ህዋሱም አብሮ ይነሳል። ያውም የሚነሳው ማንኛውም ህዋስ አይደለም። የታመመው ከጤነኛው ይልቅ ወለሉን ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ግማሽ ህይወት ያለው ህዋስ ሳይለካ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፣ ኬሚካሉም ከሆነው በላይ ጨካኝ ሆኖ ይታያል። ኒውትራል ሬድ የሚባለው ቀለም ላይም ማጠብ ስላለ ያው ነው።

ሬዛዙሪን አይታጠብም። ሰማያዊውን ትጨምራለህ፤ ህይወት ያለው ህዋስ ወደ ሮዝ ይቀይረዋል፤ እዚያው በፍሎረሰንስ (ቀለሙ በሚያወጣው ብርሃን) ታነበዋለህ። ስለዚህ ዋናው መለኪያችን ሬዛዙሪን ይሁን ተባለ። ኒውትራል ሬድን ግን አልጣልነውም፤ ከመታጠቡ በፊት ፕሌቱ ቀስ ብሎ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፣ ህዋሱ ወለሉ ላይ እንዲረጋ። ሁለት ቀለም ለምን አስፈለገ? ሬዛዙሪን የሚያየው ህዋሱ እየሠራ መሆኑን ነው። ኒውትራል ሬድ የሚያየው ሊሶሶም የሚባሉት ከረጢቶቹ ደህና መሆናቸውን ነው። ሁለቱ ሲለያዩ መለያየቱ ራሱ ወሬ አለው።

ዓርብ፣ መዳብ

የመጀመሪያው ኬሚካል መዳብ ሰልፌት ነው። የመረጥነው በቂ መረጃ ስላለው ነው። ዳፍኒያ የምትባለው የውሃ ቁንጫ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ በአሥሮች በሚቆጠር ማይክሮግራም መዳብ ትሞታለች። መዳብ ለውሃ እንስሳት ክፉ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም።

ኤስኤፍ9 ግን ምንም አልመሰለው። መጠኑን ከፍ አደረግን፣ ከፍ አደረግን። በሊትር ብዙ ሚሊግራም እስኪሆን ድረስ ሬዛዙሪኑ ሮዝ ነው። አለቃችን ፕሌቱን አንስተው ወደ መብራቱ አዙረው አዩና «መዳቡን ጨምራችኋል ግን?» አሉ። ጨምረናል። ሰማያዊነቱ በዓይን ይታያል።

ለነገሩ ይህ አዲስ አይደለም። ኤስ2 የሚባሉ የፍራፍሬ ዝንብ ህዋሶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ከዝንቧ ሽል የተገኙ ናቸው። ፕሮቲን አምራቾች እነዚህን ህዋሶች ሥራ ለማስጀመር ሆን ብለው መዳብ ይጨምሩባቸዋል። የተለመደው መጠን 500 ማይክሮሞላር ነው። ወደ ሚሊግራም ሲቀየር በሊትር 32 ያህል መዳብ ማለት ነው። ህዋሱ በዚያ ውስጥ ለቀናት ፕሮቲን ያመርታል። ዳፍኒያዋን በዚያ መጠን ብትነክራት ወሬም አይተርፋትም።

ህዋሱ ጠንካራ ሆኖ ነው እንዳትሉ። መልሱ ያለው ሚዲየሙ ውስጥ ነው።

ሰኞ፣ አሁንም መዳብ

ሚዲየሙ ውስጥ ምን እንዳለ ቁጭ ብለን አየን። የነፍሳት ህዋስ ሚዲየም ከነፍሳት ደም የተኮረጀ ነው። ቶማስ ግሬስ የተባለ የአውስትራሊያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹን ዘላቂ የነፍሳት ህዋስ መስመሮች ከአንድ የእሳት እራት እንቁላል ማምረቻ ሲያገኝ የሠራበት ሚዲየም ዛሬም በስሙ ይሸጣል። የነፍሳት ደም ከእኛ ደም በተለየ በአሚኖ አሲድ የታጨቀ ነው። ስለዚህ ሚዲየሙም እንዲሁ ነው። በተለይ ሂስቲዲን በብዛት አለበት። ሂስቲዲን ደግሞ መዳብ ካገኘ አይለቅም። በዚያ ላይ 10 በመቶ የጥጃ ሽል ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) አለ፤ የሴረሙ ፕሮቲን አልቡሚንም መዳብ ይይዛል።

እንግዲህ እኛ በፒፔት የጨመርነው መዳብ አብዛኛው ታስሮ ነው ያለው። ህዋሱን የሚያገኘው ነፃ የሆነው ብቻ ነው፤ እሱም ኢምንት ነው። ደብተራችን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጉድጓዱ ውስጥ ያስገባነውን እንጂ ህዋሱ የቀመሰውን አይነግረንም።

ረቡዕ፣ መዳብ ያለ አጃቢ

የዓሣ ህዋስ መመሪያው ይህን ችግር የሚፈታው ሚዲየሙን በመግፈፍ ነው። በሙከራው 24 ሰዓት ሴረም የለም፣ አሚኖ አሲድ የለም፤ ጨው፣ ስኳርና ጥቂት ነገር ብቻ። እኛም ለኤስኤፍ9 ተመሳሳይ ነገር ቀላቀልን። ጨው፣ ግሉኮስ፣ የፈሳሹን የአሲድነት ልክ፣ ፒኤቹን፣ 6.3 ላይ የሚይዝ ኤምኢኤስ የሚባል በፈር። ፎስፌት አልተጠቀምንም፤ ፎስፌት ከብረታ ብረት ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። የጨውና የስኳሩ ድምር ከሚዲየሙ ጋር እንዲመጣጠን ኦስሞላሊቲው 350 ሚሊኦስሞል አካባቢ ተደረገ። ያ ካልሆነ ህዋሱ ወይ ያብጣል ወይ ይሟሽሻል።

መጀመሪያ ያለ መርዝ ሞከርነው። ህዋሱ በ24 ሰዓት ደህና ነው። በ48 ሰዓት ተርቦ መድከም ይጀምራል። ስለዚህ በዚህ ፈሳሽ የሚሠራ ሙከራ ከ24 ሰዓት አያልፍም ብለን በቀይ ጻፍን።

ከዚያ መዳቡ ገባ። የመዳቡን መጠንና የህዋሱን ጉዳት የሚያሳየው ኩርባ ወደ ግራ፣ ወደ ዝቅተኛው መጠን፣ ሸሸ፤ ያውም በደንብ። ቀድሞ ህዋሱ ሮዝ አድርጎ በሚያልፈው መጠን አሁን ጉድጓዱ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። በማይክሮስኮፕ ስናይ ክቡ፣ የሚያበራው ህዋስ የለም። የተሸበሸበ ጥቁር ነጠብጣብ ነው ወለሉ ላይ ያለው። ህዋሱ ያው፣ መዳቡ ያው፣ የተቀየረው ፈሳሹ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁላችንም ደስ አለን፤ ትክክለኛውን መልስ ያገኘን መሰለን። ማታ ላይ ግን ከንክኖኝ ነበር። ለዓሣ መተንፈሻ ህዋስ የተገፈፈው ፈሳሽ ተገቢ ነው። ያ ህዋስ በእውነተኛው ህይወት ከወንዝ ውሃ ጋር ፊት ለፊት የተጋጠመ ነው። የተምች እንቁላል ማምረቻ ህዋስ ግን ዕድሜውን ሙሉ የወንዝ ውሃ አይነካውም። ደም ውስጥ ነው የሚኖረው። በአሚኖ አሲድ በታጨቀ ደም። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው እውነቱ?

የደረስንበት ስምምነት ሁለቱንም ለየብቻ መጻፍ ነው። የተገፈፈው ፈሳሽ ነፃ መዳብ የህዋስን ሽፋን ምን እንደሚያደርገው ያሳያል፤ ለውሃ ውስጥ እጭ ገላ የሚቀርበው እሱ ነው። ሙሉው ሚዲየም መርዙ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ያህሉ እንደሚታሰር ያሳያል። ሁለቱን አማካይ ማውጣት ግን ቁጥር ማበላሸት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባ ሐሳቡን አቅርቦ ነበር፤ ተከራክረን ጣልነው።

በነገራችን ላይ ይህ የመዳብ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች ውሃ ይጠላሉ፤ ስለዚህ ከሴረሙ ቅባትና ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ፣ ከፕሌቱ ፕላስቲክ ጋርም ይጣበቃሉ። በንነው የሚጠፉ ኬሚካሎችም አሉ። ለእነዚህኞቹ የነፍሳት ህዋስ አንድ ጥቅም አለው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለማይፈልግ ፕሌቱን በላስቲክ ሽፋን ማሸግ ይቻላል።

ሰኞ፣ ኢሚዳክሎፕሪድ

ዛሬ የምንጠብቀውን አውቀን ነው የገባነው። ኢሚዳክሎፕሪድ ኒዮኒኮቲኖይድ ከሚባሉት ፀረ ተባዮች ወገን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሁለት ወገኖቹ ጋር ከቤት ውጭ እንዳይረጭ አግዶታል፤ ዋናው ምክንያት ንብ ነው። በአፍ ከገባ በአንድ ንብ 3.7 ናኖግራም ያህሉ ከንቦቹ ግማሹን ይገድላል። ንብ 100 ሚሊግራም ያህል ስለምትመዝን በኪሎ 0.037 ሚሊግራም መሆኑ ነው።

ኤስኤፍ9 ላይ ከፍተኛው መጠናችን 1 ሚሊሞላር ነበር፤ በሊትር 256 ሚሊግራም። ከዚያ ብዙ ርቆ መሄድም አይቻልም፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በሊትር 0.61 ግራም ያህል ነው። በዚህ ሁሉ መጠን ሬዛዙሪኑ ትንሽ ደብዘዝ ከማለት በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልሆነም። ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማወዳደር ባይገባም፣ ልዩነቱ ወደ 7,000 እጥፍ ነው።

ይህ የህዋሱ ጥፋት አይደለም። ኢሚዳክሎፕሪድ የሚሠራው ነርቭ ላይ ያለ የአሴቲልኮሊን ተቀባይ ላይ ተጣብቆ ነው። ነርቩ ያለ እረፍት እንዲተኩስ ያደርገዋል፤ ነፍሳቱ ተንቀጥቅጦ ይሞታል። የእንቁላል ማምረቻ ህዋስ ነርቭ አይደለም። ኬሚካሉ እሱ ጋ ሲደርስ ቁልፍ ይዞ በር የሌለው ቤት ጋ እንደቆመ ሰው ነው።

ለነፍሳት ህዋስ መንገዱ እንደ ዓሣው ያልቀለለበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ዓሣን በድንገት የሚገድሉት ብዙ ኬሚካሎች ማንኛውንም የህዋስ ሽፋን የሚያውኩ ናቸው። ስለዚህ የመተንፈሻ ህዋስ ምስክርነቱ ይበቃል። ነፍሳትን የሚገድለው ፀረ ተባይ ግን ሆን ተብሎ ነርቭን ወይም ሆርሞንን እንዲመታ የተሠራ ነው። የዓሣ ህዋስ ሙከራም ቢሆን ነርቭ መቺ ኬሚካሎች ላይ የሚደክመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሙሉ እንስሳም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ዳፍኒያ ኢሚዳክሎፕሪድን እንደ ዋዛ ነው የምታልፈው፤ ግማሹን ለማሽመድመድ በሊትር 85 ሚሊግራም ያህል ያስፈልጋል። ሜይፍላይ የሚባሉት በውሃ ውስጥ የሚያድጉ ነፍሳት እጮች ደግሞ በሊትር በማይክሮግራም በሚቆጠር መጠን ይወድቃሉ። ዳፍኒያ የውሃ መርዝ ዋና መፈተኛ ናት። በእሷ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህን ኬሚካል ለወንዝ ደህና ነው ብሎ ሊያሳልፈው ነው። የተሳሳተ ምስክር መጥራት ለህዋስ ብቻ የተሰጠ በሽታ አይደለም።

ሐሙስ

ሮቴኖን። ይኼኛው መርዝ ህዋስ አይመርጥም፤ ሚቶኮንድሪያ (የህዋስ ጉልበት ማመንጫ) ያለውን ሁሉ ይመታል። ሬዛዙሪኑ ገና በዝቅተኛው መጠን ወረደ። ኒውትራል ሬድ ግን ደህና ነኝ አለ። ትራይፓን ብሉም አልገባም። ህዋሱ አልሞተም ማለት ነው፤ ጉልበቱ ግን ተቋርጧል። በማግስቱ ሁለተኛው ቀለምም ተከትሎ ወረደ። አንድ ቀለም ብቻ ይዘን ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ንባብ ሞት ብለን እንመዘግበው ነበር። ሁለት ቀለም የፈለግነው ለዚህ ነው።

አዛዲራክቲን፣ ከኒም ዛፍ ፍሬ የሚገኘው፣ ተቃራኒውን ይሠራል። ህዋሱ አይሞትም፤ መከፋፈል ያቆማል። ኤስኤፍ9 ለእሱ ከአጥቢ እንስሳት ህዋስ እጅግ ይበልጥ ስስ ነው፤ ይህ ቀድሞም የታወቀ ነው። ችግሩ አነባበብ ላይ ነው። በሁለት ቀን ማነፃፀሪያው ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ይባዛሉ፣ መርዙ ያለባቸው ባሉበት ይቆማሉ። ቀለሙ ዝቅ ይላል። «ግማሹ ሞቷል» ተብሎ ሊነበብ ነው። አንድም አልሞተም። ስለዚህ ከአሁን በኋላ በየሙከራው መጀመሪያ ሰዓት ላይ አንድ ተጨማሪ ፕሌት ይነበባል፤ የተነሳንበትን ካላወቅን ሞትንና አለማደግን መለየት አንችልም።

ማክሰኞ፣ የሆርሞን ጥያቄ

ይህ የምወደው ክፍል ነው። ከጎረቤት ላብራቶሪ ኬሲ167 የሚባል የፍራፍሬ ዝንብ ህዋስ ተውሰናል። ይህ ህዋስ 20-ሃይድሮክሲኤክዳይሶን የተባለውን፣ ነፍሳት ቆዳ እንዲቀይሩ የሚያዝዘውን ሆርሞን ሲያገኝ ዝም አይልም። መከፋፈሉን ያቆማል። ክብ የነበረው ይረዝማል፣ ጭራ መሰል ነገር ያወጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጎነጎናል። ጠዋት የተበተነ ነጠብጣብ የነበረው ፕሌት ከጥቂት ቀን በኋላ ክምር ክምር ሆኖ ታገኘዋለህ። ማንም ሳይነግርህ በዓይንህ የምታነበው ውጤት ነው።

እዚህ በር አለ ማለት ነው። የሆርሞኑ ተቀባይ ህዋሱ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ሆርሞኑን የሚያስመስል ወይም የሚያግድ ኬሚካል ሳይገድል ይታያል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ቢ2 በሚባል ሌላ የዝንብ ህዋስ መስመር ላይ የተመሠረተ ተመሳሳይ ፍተሻ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ።

የሞከርነው ቴቡፌኖዛይድን ነው። አባጨጓሬ ያለ ጊዜው ቆዳ እንዲቀይር የሚያስገድድ ፀረ ተባይ ነው፤ አባጨጓሬው መብላት ያቆምና ይሞታል። የዝንቡ ህዋስ ላይ ዝቅተኛ መጠን ምንም አላደረገም። ያየነው ነገር ካለ ከፍ ያለው መጠን ላይ ነው፤ እሱም ደከም ያለ ነው። ሆርሞኑ ራሱ ያለበት ጉድጓድ ግን እንደተጠበቀው ክምር ሠርቷል፣ ስለዚህ ህዋሱ ሥራውን ያውቃል። የሚጠበቅ ውጤት ነው፤ ቴቡፌኖዛይድ የተሠራው ለእሳት እራትና ለቢራቢሮ ወገን ተቀባይ ነው። ከዝንብ ተቀባይ ጋር ብዙም አይግባባም። በአንድ የነፍሳት ህዋስ ሞክሮ «ለነፍሳት» ብሎ መጻፍ የማይቻለውም ለዚህ ነው። ዝንብና ተምች ሁለቱም ነፍሳት ናቸው፤ ኬሚካሉ ግን ይለያቸዋል።

ዓርብ፣ ሠንጠረዡ

እስካሁን ያለውን ለአለቃችን በሠንጠረዥ ሳዘጋጅ አንድ ነገር ላይ ተጨቃጨቅን። ኢሚዳክሎፕሪድ ትይዩ ምን ይጻፍ? አንደኛው ሐሳብ «መርዛማ አይደለም» የሚል ነበር። በጭራሽ። ሠንጠረዡ ብቻውን ከዚህ ክፍል ሲወጣ፣ ማብራሪያው ተቆርጦ ሲቀር፣ ያቺ ቃል ብቻዋን ትጓዛለች። የተጻፈው «ይህ ህዋስ የሚመለከተው ተቀባይ የለውም፤ ውጤቱ ለዚህ ኬሚካል አያገለግልም» የሚል ነው። ረጅም ነው፣ ዓምዱን ያሰፋል። ይስፋ።

ሌላ የተጨመረ ዓምድ የፈሳሹ ዓይነት ነው። መዳብ ሁለት መስመር ይዟል፣ አንዱ በሙሉ ሚዲየም፣ አንዱ በተገፈፈው። «ለምን አንድ ኬሚካል ሁለት ቁጥር አለው?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይጠየቅ። እንዲያውም የሚቀጥለው ነፃውን መዳብ በኤሌክትሮድ መለካት ነው፤ ያኔ ሁለቱ መስመሮች በነፃ መዳብ ሲሰሉ ይቀራረባሉ ወይስ አይቀራረቡም የሚለው ይታያል። ከተቀራረቡ ልዩነቱ የፈሳሹ ነበር። ካልተቀራረቡ ህዋሱ በሁለቱ ፈሳሽ የሚያሳየው ጠባይም ይለያያል ማለት ነው።

ለሚቀጥለው ሳምንት የተያዘው ክሎርፓይሪፎስ የሚባል ፀረ ተባይ ነው። ይህ መርዝ በተፈጥሮው ደካማ ነው። ነፍሳቱ ራሱ በኢንዛይሞቹ ኦክሶን ወደሚባል ሌላ መልኩ ሲቀይረው ነው አደገኛ የሚሆነው፤ ከዚያ በኋላ አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም ያሽመደምዳል። ህዋሶቻችን ያንን የመቀየር አቅም ምን ያህል እንዳላቸው በግምት ከማውራት ክሎርፓይሪፎስንና ኦክሶኑን ጎን ለጎን በአንድ ፕሌት እናስኬዳለን። የምንለካውም ሞትን ሳይሆን ኢንዛይሙን ይሆናል። ለዚህ ኤስኤፍ9 ብቻ አይበቃም። ኬሲ167 ሆርሞኑን ሲያገኝ ይህንኑ ኢንዛይም ማምረት ይጀምራል፤ ስለዚህ ግማሹ ፕሌት ቀድሞ ሆርሞን የጠጣ ኬሲ ይሆናል። ፕላስቲኩ ኬሚካሉን እንዳይሰርቀን በመስታወት የተለበጠ ፕሌት ታዟል። ከደረሰ ሐሙስ ይዘራል፤ ካልደረሰ በተራው ፕሌት ላይ ያለ ህዋስ ስንት እንደሚጠፋ እንለካለን።